ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጥ ፈሳሽ፦ በጥናቶቹና በልማዳችን ላይ የቀረበ ሒስ

በአገራችን በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ በሕዝቡ አፍ አንድ ስም ብቻ አለው፤ «ግሉኮስ» ይባላል። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ስኳር ይሁን ጨው ልዩነት የለውም። ሕመምተኛው «ግሉኮስ ተደረገልኝ» ሲል በሚገባ መታከሙን፣ ቤተሰቡም «ግሉኮስ እንኳ አላደረጉለትም» ሲል ችላ መባሉን መግለጹ ነው። ይህ አስተሳሰብ በሕዝቡ ዘንድ ብቻ የተወሰነ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን በእኛ በጤና ባለሙያዎችም ዘንድ ፈሳሽን ከመድኃኒት ዝቅ ያለ፣ ቢጠቅም እንጂ የማይጎዳ ድጋፍ አድርጎ የመመልከት ልማድ ሥር የሰደደ ነው። ለፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መጠኑ፣ ሰዓቱና የሚቆምበት ቀን ይጻፋል። ለፈሳሽ ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የከረጢቱ ስምና የሚያልቅበት ሰዓት ብቻ ነው።

ይህ ልማድ በየትኛውም ክፍል ጉዳት ቢኖረውም፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው በማገገም ላይ በሚገኙ ሕሙማን ላይ የሚያስከትለው ጉዳት የከፋ ነው። ምክንያቱም ትርፍ ፈሳሹን ተቀብሎ ማሳለፍ የሚገባው አካል ራሱ ገና ከቢላዋ የወጣ ነውና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጉዳዩ ላይ የታተሙ ዋና ዋና ጥናቶችን በሒሳዊ ዓይን መመርመርና ለእኛ ሕሙማን ምን ያህል እንደሚያገለግሉ መመዘን ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፈሳሽ ለምን ያስፈልጋል? ለምንስ ይጎዳል?

ልብ ተከፍቶ በሚታከምበት ጊዜ የሕመምተኛው ደም የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ በሚሠራ መሣሪያ ውስጥ ያልፋል። የመሣሪያው ቱቦዎች አስቀድመው በፈሳሽ መሞላት ስላለባቸው የሕመምተኛው ደም ገና ከመነሻው ይቀጥናል። ደሙ ከባዕድ ነገር ጋር ስለሚገናኝም የሰውነት የመቆጣት ምላሽ ይቀሰቀሳል፤ የረቂቅ ደም ሥሮች ግድግዳ ውኃና ፕሮቲን ወደ ውጭ ማሳለፍ ይጀምራል። በዚህም ምክንያት ሕመምተኛው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚደርሰው ሁለት ተቃራኒ ሁኔታዎችን ይዞ ነው። በመላ ሰውነቱ ትርፍ ፈሳሽ አለ፤ በደም ሥሮቹ ውስጥ ግን ሊጎድል ይችላል። ፊቱ አብጦ፣ ክብደቱ ጨምሮ፣ የደም ግፊቱ ግን ዝቅ ብሎ የሚገኘው ስለዚህ ነው። ቀዝቅዞ የነበረው ሰውነት እየሞቀ ሲሄድ ደግሞ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ግፊቱም ይበልጥ ይወርዳል።

በዚህ ጊዜ ለግፊቱ መውረድ ምክንያት ሊሆኑ የሚችሉት ጥቂት አይደሉም። የደም መፍሰስ፣ የደም ሥሮች ከልክ በላይ መስፋት፣ የግራው ወይም የቀኙ የታችኛው የልብ ክፍል መድከም፣ የልብ ምት መዛባት፣ በልብ ከረጢት ውስጥ የተጠራቀመ ደም ልብን ማፈኑ፣ እንዲሁም በደረት ውስጥ የተጠራቀመ አየር ሳንባንና ልብን መጫኑ ይጠቀሳሉ። ከእነዚህ መካከል ፈሳሽ በቀጥታ የሚረዳው ጥቂቶቹን ነው። በልብ መታፈን ጊዜ እንኳ ፈሳሽ ቀዶ ሐኪሙ እስኪደርስ ድረስ ጊዜ መግዣ እንጂ መፍትሔ አይደለም። ለቀሩት የሚፈለገው የደም ሥርን የሚያጠብቅ ወይም የልብን ጉልበት የሚያበረታ መድኃኒት፣ ምትን የሚያስተካክል እርምጃ ወይም ቀዶ ሕክምና ነው። ከረጢቱ ግን ከሁሉም ይልቅ ቅርብ ነው። ስለሆነም ምክንያቱ ከመታወቁ በፊት ይሰቀላል።

ትርፉ ፈሳሽ ወዴት ይሄዳል? ወደ ሳንባ ገብቶ ሕመምተኛውን ከመተንፈሻ መሣሪያ የማላቀቁን ቀን ያራዝማል። በኩላሊት ዙሪያ ግፊት ፈጥሮ «ይሽናል» ተብሎ የተሰጠለትን ኩላሊት መልሶ ያፍናል። የቀይ ደም ሕዋሳትንና ደም የሚያረጉ ንጥረ ነገሮችን አቅጥኖ መድማትን ያባብሳል፤ ይህም ደም እንዲሰጥ ያስገድዳል።

የልማዱ ምንጭ

በደም ሥር ፈሳሽ የመስጠት ታሪክ የተጀመረው ከልብ ሕመም ጋር አልነበረም። በ1832 ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቶማስ ላታ የጨው ውኃ በደም ሥር የሰጠው ለኮሌራ ሕሙማን ነበር። በ1880ዎቹ እንግሊዛዊው ሲድኒ ሪንገር የእንቁራሪት ልብ በምን ዓይነት ፈሳሽ ውስጥ መምታቱን እንደሚቀጥል ሲመረምር፣ በቧንቧ ውኃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ለልብ መኮማተር አስፈላጊ መሆኑን አስተዋለ። በ1930ዎቹ አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም አሌክሲስ ሃርትማን ላክቴት ጨመረበት፤ የተጠቀመበትም አሲድ በደማቸው ለበዛባቸው ሕፃናት ነበር። ዛሬ በየክፍሉ የምናገኘው ሪንገር ላክቴት የዚህ ታሪክ ውጤት ነው።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ፈሳሽ የመስጠት ጥበብ የተወለደው ውኃና ጨው ከሰውነቱ ወጥቶ ባለቀበት ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ነው። የአገራችን የጤና ባለሙያም ፈሳሽ መስጠትን በመጀመሪያ የሚማረው በተቅማጥ ምክንያት ሰውነቱ በደረቀ ሕፃን ላይ ነው። በዚያ ቦታ ድፍረትና ፍጥነት ሕይወት ያድናሉ። ቫልቩ የተጠገነለት ሕመምተኛ ግን ውኃው ከቦታው ቢፈናቀልም ከሰውነቱ ወጥቶ አላለቀም። ለመጀመሪያው የተማርነውን እጅ ለሁለተኛው መጠቀም የስሕተቱ መነሻ ነው።

የስታርች ታሪክ፦ የታተመ ሁሉ እውነት አይደለም

ጨው ያለበት ፈሳሽ በቶሎ ከደም ሥር ስለሚወጣ፣ በደም ሥር ውስጥ የሚቆይ ፈሳሽ ለማግኘት ለብዙ አሥርት ዓመታት ጥረት ተደርጓል። ከነዚህ መካከል ሃይድሮክሲኤቲል ስታርች የተባለው ከአልቡሚን በዋጋ የረከሰ በመሆኑ በአውሮፓ የልብ ቀዶ ሕክምና ክፍሎች በስፋት ገባ። ድጋፉንም ያገኘው በአመዛኙ ከታተሙ ጥናቶች ነበር። ከጸሐፊዎቹም አንዱ በጀርመን በሉድቪግስሃፈን ከተማ ይሠራ የነበረው የሰመመን ሕክምና ፕሮፌሰር ዮአኪም ቦልት ነው።

በ2009 መጨረሻ አኔስቴዥያ ኤንድ አናልጄዥያ በተባለው መጽሔት ላይ የቦልት አንድ ጥናት ታተመ። ጥናቱ በዕድሜ የገፉ የልብ ቀዶ ሕክምና ሕሙማን መሣሪያው በስታርች ሲሞላና በአልቡሚን ሲሞላ የሚኖረውን ልዩነት የሚያነጻጽር ነበር። አንባቢዎች ግን ቁጥሮቹን አይተው ለአዘጋጁ ጻፉ። በላቦራቶሪ የተለካው ውጤት ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው የሚያሳየው ልዩነት ከተፈጥሮ ውጭ ጠባብ ነበር። ምርመራ ተከፈተ፤ መጽሔቱም በ2010 ጽሑፉን ሰረዘው። በ2011 የበርካታ መጽሔቶች አዘጋጆች በአንድ ላይ ሆነው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያልተገኘላቸውን ወደ 90 የሚጠጉ የዚሁ ተመራማሪ ጽሑፎች መሰረዛቸውን አስታወቁ። ዛሬ ቁጥራቸው ከ100 በላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለማንኛውም የሕክምና ጽሑፍ አንባቢ ትምህርት ነው። በ2012 በስካንዲኔቪያ አገሮች ደማቸው በተመረዘ 798 ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት፣ በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት ስታርች ከተሰጣቸው 51 በመቶ፣ ሪንገር አሲቴት ከተሰጣቸው 43 በመቶ ነበሩ። በዚያው ዓመት በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ 7 ሺህ ጽኑ ሕሙማን በተካተቱበት ጥናት በሞት ረገድ ግልጽ ልዩነት ባይታይም፣ የኩላሊት እጥበት ያስፈለጋቸው በስታርች ወገን 7 በመቶ፣ በጨው ውኃ ወገን 5.8 በመቶ ሆኑ። በ2013 የካናዳ ተመራማሪዎች በጽኑ ሕሙማን ላይ የተደረጉ 38 ጥናቶችን ደምረው ሲተነትኑ፣ የቦልት ሰባት ጥናቶች ሲወጡ የስታርች የሞት አደጋ ጎልቶ ታየ። እነዚያ ሰባቱ ያካተቱት 590 ሕሙማንን ብቻ ነበር። ይሁንና የብዙ ሺህ ሰዎችን እውነት ለማደብዘዝ በቂ ሆነው ነበር።

በ2013 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በስታርች ላይ ከፍተኛውን የማስጠንቀቂያ ደረጃ ጣለ፤ መሣሪያው ተክቶ በሚሠራበት የልብ ቀዶ ሕክምና መድማትን እንደሚያባብስም ለይቶ ጠቀሰ። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ በ2013 አጠቃቀሙን ካጠበበ በኋላ በ2022 ፈቃዱን አገደ። ጉዳዩ ያለፈ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የሐሰት ጥናት በወጣበት ዘመን የተጻፈ መማሪያ መጽሐፍ፣ የተዘጋጀ የሥልጠና ሰነድ፣ በዚያ ሰነድ የተማረ ባለሙያ ከጽሑፉ ጋር አብሮ አይሰረዝም። በየክፍላችን «እንዲህ ነው የሚደረገው» ተብሎ የሚተላለፈውን ሁሉ ምንጩን መጠየቅ የሚገባን ስለዚህ ነው።

ጥናቱ የማን ሕሙማን ጥናት ነው?

ሁለተኛው ሒስ በሐቀኞቹ ጥናቶች ላይ የሚያርፍ ነው። ሐቀኛ ጥናት ሁሉ ለእኛ ሕመምተኛ የተሠራ አይደለምና።

በ2004 የታተመውና 6997 ጽኑ ሕሙማንን ያካተተው የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ጥናት አልቡሚን ከጨው ውኃ በሞት ረገድ እንደማይለይ አሳየ። ይህ ጥናት ለልብ ቀዶ ሕክምና ሕሙማንም ማስረጃ ሆኖ ሲጠቀስ ይሰማል። ሆኖም ከልብ ቀዶ ሕክምና የመጡ ሕሙማን ከመጀመሪያው እንዳይገቡ ተደርገው ነበር። ክፍተቱን በከፊል የሞላው በ2022 በሔልሲንኪ 1386 የልብ ቀዶ ሕክምና ሕሙማን በዕጣ ተመድበው የተሳተፉበት ጥናት ነው። ዋና ዋና ጉዳት የደረሰባቸው በአልቡሚን ወገን 37.1 በመቶ፣ በሪንገር አሲቴት ወገን 33.8 በመቶ ሲሆኑ፣ ልዩነቱ ከአጋጣሚ አላለፈም። ውዱ ፈሳሽ ከርካሹ የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። አልቡሚን እንደልብ ለማይገኝባቸው ተቋማት ይህ መልካም ዜና ነው፤ ለጎደለው ነገር ከመቆጨት ያድናልና።

የደም መሰጠትን በሚመለከት በ2017 ከ5 ሺህ በላይ የልብ ቀዶ ሕክምና ሕሙማን የተካተቱበት ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ሂሞግሎቢን ከ7.5 በታች እስኪወርድ መጠበቅ በ9.5 ደረጃ ላይ ደም ከመስጠት ያላነሰ ደኅንነት እንዳለው አረጋገጠ። የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ ግን 72 ዓመት ገደማ ነበር። በ2024 በእንግሊዝና በጀርመን 1690 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የልብ ምት እንዳይዛባ ፖታሲየምን ከ4.5 በላይ የማቆየቱን የቆየ ልማድ ፈተነ። ከ3.6 በታች ሲወርድ ብቻ መስጠት እንደሚበቃም አሳየ። ይሁንና ተሳታፊዎቹ የልብን የደም ሥር ለመተካት የታከሙ ብቻ ነበሩ።

እኛ ዘንድ የሚታከመው ማን ነው? በኢትዮጵያ የልብ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ከዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረትና በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ሥራ ከጀመረው የልብ ማዕከል ጋር የተያያዘ ነው። ማዕከሉ ሲመሠረት ዓይኑን የጣለው በተፈጥሮ የልብ ችግር ባለባቸውና ቫልቫቸው በሩማቲክ የልብ ሕመም በተጎዳ ሕፃናትና ወጣቶች ላይ ነበር። ኢትዮጵያን ጨምሮ 12 የአፍሪካ አገሮች፣ ህንድና የመን የተካተቱበት ትልቅ የሩማቲክ የልብ ሕመም ጥናት ያሳየው የሕሙማን መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት ነው፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። በሰባ ዓመት አረጋዊ ላይ የተገኘ የሂሞግሎቢን ደረጃ፣ ለብዙ ጊዜ ላሲክስና ዲጎክሲን ሲወስድ በቆየ ወጣት ላይ ያልተፈተነ የፖታሲየም ደረጃ እንዳለ ሊገለበጥ አይገባም። በተለይ ዲጎክሲን የሚወስድ ሕመምተኛ ፖታሲየሙ ሲወርድ ለአደገኛ የምት መዛባት እንደሚጋለጥ ሁሉም ባለሙያ ያውቃል። ስለሆነም የ2024ቱ ውጤት እሱን የሚመለከት ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል።

የክብደትም ጉዳይ አለ። በሰማንያ ኪሎ ሰው ላይ የተለመደው አንድ ሊትር፣ አርባ አምስት ኪሎ በምትመዝን ወጣት ላይ ሲሰጥ በኪሎ ሲሰላ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ከረጢቱ ግን ያው ከረጢት ነው።

ቫልቩ የሚነግረን

የተጎዳው ቫልቭ ዓይነት ፈሳሽን እንዴት መስጠት እንደሚገባን ይነግረናል። ሚትራል ቫልቩ ለዓመታት ጠቦ የኖረ ሕመምተኛ የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ትንሽ ሲሆን፣ የሳንባው የደም ግፊት ከፍ ብሎ የቀኙ የልብ ክፍል ደክሞ ይገኛል። በቀዶ ሕክምናው ቫልቩ ቢከፈትም የሳንባው ግፊት በአንድ ሌሊት አይመለስም። በዚህ ሕመምተኛ ላይ ተደጋጋሚ ፈሳሽ ሲሰጥ የቀኙ ክፍል ይለጠጣል፤ የሁለቱን ክፍሎች መለያ ግድግዳ ወደ ግራ ይገፋል፤ የግራው ክፍል የሚሞላበት ቦታ ይጠብባል። በውጤቱም ፈሳሽ በተጨመረ ቁጥር ግፊቱ ይወርዳል፤ ግፊቱ በወረደ ቁጥርም ፈሳሽ ይጨመራል።

ሚትራል ቫልቩ ያፈስ የነበረ ሕመምተኛ ደግሞ ሌላ ነው። የግራው ክፍል እስከ ቀዶ ሕክምናው ድረስ ደሙን በከፊል ወደ ኋላ፣ ግፊት ወደሌለበት ቦታ ይልክ ነበር። ቫልቩ ሲጠገን ያ መውጫ ይዘጋል። ልቡ ሙሉውን ሸክም ወደፊት መግፋት ሲጀምር ተሰውሮ የነበረው ድካም ይገለጣል። የሚፈልገው ተጨማሪ ጭነት አይደለም፤ እገዛ ነው። እንግዲህ የሁለቱም ሕሙማን የደም ግፊት በአንድ ሰዓት ላይ 80 ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱ ሕክምና ግን አንድ ሊሆን አይችልም።

ጥያቄው ራሱ ተሳስቷል

ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች በአብዛኛው የሚጠይቁት «የትኛው ፈሳሽ?» ብለው ነው። «ፈሳሽ መስጠት ይገባልን?» የሚለውን ጥያቄ በድፍረት ያነሣው ጥናት ከባለጸጋ አገር አልመጣም። በ2011 በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ከባድ ትኩሳትና የደም ዝውውር መድከም ባለባቸው 3141 ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት፣ ፈጣን ፈሳሽ ከተሰጣቸው 10.5 በመቶ ያህሉ፣ ካልተሰጣቸው ደግሞ 7.3 በመቶው በ48 ሰዓት ውስጥ መሞታቸውን አሳየ። ሕፃናቱ በአብዛኛው የሞቱት ሳንባቸው ውኃ ሞልቶ እንዳልሆነና የደም ዝውውራቸው ደክሞ መሆኑን ቀጥሎ የወጣው ትንተና አመለከተ። ጉዳቱ በዓይን የሚታይ እብጠት ሳይኖር መድረሱን ልብ ይሏል።

እነዚያ ሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምና ሕሙማን አልነበሩም፤ ቁጥሩን ወደኛ ክፍል መገልበጥ አይቻልም። የሚገለበጠው ጥያቄው ነው። ለዘመናት ሁሉም ሰው ያመነበት፣ በየመመሪያው የተጻፈ ልማድ ሲፈተን ጎጂ ሆኖ ተገኘ። የተፈተነውም የጽኑ ሕሙማን መሣሪያ እንደልብ በማይገኝበት፣ ከእኛ በማይለይ ቦታ ነው።

የምንታመንባቸው ምልክቶች

ፈሳሽ ለመስጠት ከምንመካባቸው ምልክቶች አንዱ የማዕከላዊ ደም ሥር ግፊት ነው። በ2008 የታተመ የ24 ጥናቶች ግምገማ ይህ ቁጥር ሕመምተኛው ለፈሳሽ ምላሽ ይሰጥ እንደሆነ ለመተንበይ እንደማያገለግል አሳየ። ቁጥሩ ከናካቴው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በድንገት ከፍ ሲል፣ በተለይም ከደረት ቱቦ ይወጣ የነበረው ደም በድንገት ሲቆም፣ የልብ መታፈንን ወይም የቀኝ ልብ መድከምን ያስጠነቅቃል። ዝቅ ያለ ቁጥር ግን ብቻውን የፈሳሽ ማዘዣ አይደለም።

ሁለተኛው ምልክት ሽንት ነው። በሰዓት በኪሎ ከ0.5 ሚሊ ሊትር በታች መሆኑ ሊያሳስበን ይገባል። ነገር ግን ሽንት ከሚቀንስባቸው ምክንያቶች የፈሳሽ እጥረት አንዱ ብቻ ነው፤ የልብ ድካምና በኩላሊት ደም መላሽ ሥር ያለ ከፍተኛ ግፊትም ይቀንሱታል። ሦስተኛው ላክቴት ነው። አድሬናሊን በሚሰጠው ሕመምተኛ ላክቴት በመድኃኒቱ ምክንያት ሊጨምር ስለሚችል፣ ጭማሪውን በፈሳሽ ማሳደድ መጨረሻ የለውም።

ታዲያ በምን እንመዝን? ከሁሉ የተሻለው የኢኮ ምርመራ ነው። ልቡ ባዶ ነው ወይስ የተለጠጠ፣ ታፍኗል ወይስ ደክሟል የሚለውን በጥቂት ደቂቃ ያሳያል። ኢኮ በሌለበት ሰዓት የሕመምተኛውን እግሮች ወደ 45 ዲግሪ ከፍ ማድረግ ወደ 300 ሚሊ ሊትር የሚገመት የራሱን ደም ወደ ልቡ ይመልሳል፤ ካልጠቀመም እግሩን በማውረድ መመለስ ይቻላል። ውጤቱ በአንድ ደቂቃ አካባቢ መታየት ያለበት ሲሆን፣ ከደም ግፊት ይልቅ ልብ የሚረጨውን ደም መለካት የበለጠ አስተማማኝ ነው። ፈሳሽ መስጠት ግድ ከሆነም በኪሎ 4 ሚሊ ሊትር ገደማ በአምስት ወይም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሰጥቶ ወዲያው መመዘን ይገባል። ይህ ለአርባ አምስት ኪሎ ሕመምተኛ 180 ሚሊ ሊትር ነው። ያልተለወጠ ነገር ካለ ያንኑ መድገም ምርመራ መሆኑ ይቀራል።

ለሌላው ወገን የሚገባው ሚዛን

ሒስ ወደ አንድ ወገን ብቻ ካዘነበለ ሌላ ልማድ ይተክላል። ፈሳሽን መፍራትም ይገድላል። በ2018 ትልልቅ የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 3 ሺህ ሕሙማን በተካተቱበት ጥናት፣ ፈሳሽ በጥብቅ ከተገደበባቸው 8.6 በመቶው፣ እንደልብ ከተሰጣቸው 5 በመቶው የኩላሊት ጉዳት ደርሶባቸዋል። እየደማ ያለ ሕመምተኛ ደምና ፈሳሽ ይፈልጋል፤ ልቡ የታፈነ ሕመምተኛም ወደ ቀዶ ክፍል እስኪገባ ድረስ መሞላት አለበት። በግራው ክፍል ግድግዳ መወፈር ምክንያት ልቡ የደነደነ፣ የአኦርታ ቫልቩ የተተካለት ሕመምተኛም በቂ ሙሌት ከሌለ ደም መርጨት ያቅተዋል። በልኩ ስለ መስጠት የሚነሣ ክርክር ለመከልከል ሰበብ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ስለ ፈሳሹ ዓይነትም ማጋነን አይገባም። ኖርማል ሳላይን በሊትር 154 ሚሊሞል ክሎራይድ ሲይዝ፣ በደማችን ያለው 100 አካባቢ ነው። ብዙ ሲሰጥ ደምን አሲድ ያደርጋል። በ2018 በአሜሪካ 15,802 ሕሙማን የተካተቱበት ጥናት ለሪንገር ላክቴትና ለመሰሎቹ መጠነኛ ብልጫ ሰጠ፤ በ2022 ከ5 ሺህ በላይ ሕሙማን የተካተቱበት ጥናት ግን በሞት ረገድ ልዩነት አላገኘም። ሪንገር በእጅ ካለ ቢመረጥ ጥሩ ነው፤ በውስጡ ያለው 4 ሚሊሞል ፖታሲየም የሚያስፈራ አይደለም። በውስጡ ካልሲየም ስላለ ግን ከደም ጋር በአንድ መስመር አይሰጥ። ከሌለ ሳላይንን በልኩ መስጠት ሕሙማንን የሚጎዳ ወንጀል አይደለም። አምስት በመቶ ግሉኮስን ግን የደም ግፊት ለማንሣት መስጠት ስሕተት ነው፤ ስኳሩ ሲቃጠል የሚቀረው ውኃ ብቻ ነውና በደም ሥር ውስጥ አይቆይም፣ ሶዲየምንም ያወርዳል።

ምን ይደረግ?

ለዚህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ አራት ነገሮች ይጻፉ፦ ፈሳሹ ለምን እንደታዘዘ፣ ምን ያህል በስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ፣ ምን ለውጥ እንደሚጠበቅ፣ ምን ሲታይ እንደሚቆም። ሕመምተኛው ከቀዶ ሕክምና በፊትና በየዕለቱ ይመዘን። መድኃኒት የሚበጠበጥበትና መስመሮች የሚታጠቡበት ፈሳሽ ሁሉ በሒሳብ ይግባ፤ ብዙ መድኃኒት የሚወስድ ሕመምተኛ ማንም ሳያዝለት በቀን ውስጥ ብዙ ፈሳሽ የሚያገኘው በዚህ በር ነው። የሌሊት ተረኛ ነርስ ከረጢቱን ከመስቀሏ በፊት «ለምን?» ብላ የመጠየቅ መብትና ግዴታ እንዳላት በክፍሉ ደንብ ይታወቅ። ከአልጋው አጠገብ ሌሊቱን የምታሳልፈው እሷ ናትና፣ ከማዘዣ ወረቀቱ ቀድማ ለውጡን የምታየውም እሷ ናት።

የቀረው ሥራ የኛው የራሳችን ነው። የሄልሲንኪው ጥናት ለሄልሲንኪ ሕሙማን መልስ ሰጥቷል። በሩማቲክ ሕመም የተጎዳ ቫልቭ ላላት፣ የሳንባዋ ግፊት ከፍ ላለ፣ አርባ አምስት ኪሎ ለምትመዝን ወጣት ግን ጥናቱን ሊያደርግ የሚችለው እሷ የምትታከምበት ተቋም ባለሙያ ነው። የተሰጠውን ፈሳሽ፣ የክብደቱን ለውጥ፣ ከመተንፈሻ መሣሪያ የተላቀቁበትን ሰዓትና የኩላሊቱን ሁኔታ በአንድ መዝገብ በሥርዓት መያዝ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም በሐቅ የተመዘገበ ይሁን። በሐሰት የተመዘገበ ብዙ ቁጥር ምን እንዳደረሰ የስታርች ታሪክ አሳይቶናል።